ከሜክሲኮ የመጡት ሙሽሮች

እኔ ሙት አልፈራም። የምፈራው ዕቃ ነው። ሙት አንዴ ከተቀበረ አርፎ ይተኛል፤ ዕቃ ግን ቤት ከገባ አይወጣም፣ ከወጣም ነገር ጎትቶ ይመለሳል። በተለይ ከጉዞ የሚመጣ ማስታወሻ የሚሉት ዕቃ። ምኑን ልታስታውስበት ነው? የሄድክበትን አገር የምትረሳ ከሆነ መጀመሪያውኑ ቤትህ ብትቀመጥ ምን አለበት?

ይህን የምለው ተናድጄ ነው፤ አልደብቅም። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የባለቤቴ የእታፈራሁ ሥራ ነው። እታፈራሁ ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ፣ ለአንድ አየር መንገድ አውሮፕላን ታጸዳ ነበር። ተሳፋሪ ወንበር ሥር የሚወሽቀውን ጉድ ሁሉ ጎንበስ ብላ የምትለቅመው እሷ ናት። ደሞዙ ያው ነው፤ አንድ ጥቅም ግን ነበረው። ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ከትዳር ጓደኛው ጋር በርካሽ ቲኬት ይበራል። ቲኬቱ "ስታንድባይ" ይባላል። በአማርኛ ሲገለጥ፣ ሻንጣህን ይዘህ ትገተራለህ፤ ወንበር ከተረፈ ትሳፈራለህ፣ ካልተረፈ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ቤትህ። የምትሄድበትን አገር የሚመርጥልህ እንግዲህ ያን ቀን እንቅልፍ ጥሎት የቀረው ተሳፋሪ ነው።

እኛ ያሰብነው ሮም ነበር። ሮም ዘመድ አለን፣ ማደሪያ አለ፣ ፓስታ አለ። የሮሙ ሞላ። አቴና አልን፣ እሱም ሞላ። እኔ ሻንጣውን አንስቼ ወደ ባቡሩ ልሄድ ስል እታፈራሁ ከጓደኞቿ ጋር ተንሾካሹካ መጣችና "ሜክሲኮ ወንበር አለ" አለችኝ። እኔ እስከዚያች ቀን ሜክሲኮ ሲባል የማውቀው አዲስ አበባ ያለውን አደባባይ ነው። እዚያ ለመድረስ አውሮፕላን አያስፈልግም፣ ታክሲ ይበቃል። አንሄድም አልኩ። ሄድን። በኔ ቤት ነገር የሚወሰነው እንደዚህ ነው።

ለእውነት ያህል አገሩ ክፉ አይደለም። ሰዉ ደግ ነው፣ ምግቡ ያቃጥላል፣ እንግዳ ያከብራሉ። ያናደደኝ ግድግዳቸው ነው። ባዶ ግድግዳ አይወዱም። ትልልቁ ሕንፃ ላይ ከመሬት እስከ ጣራ ገበሬው፣ ወዛደሩ፣ ፈረሱ፣ ጠመንጃው፣ የተበደለው ሕዝብ ተስሏል። የመንደሩን አጥር ደግሞ ጎረምሶች ይቀቡታል። ቱሪስቱ አንገቱ እስኪጣመም አንጋጦ ይደነቃል። እኔ ግን ጡንቻው ያበጠ ወዛደር ግድግዳ ላይ ሳይ ላብ ያሰምጠኛል። በደርግ ጊዜ እንዲህ ባለ ሥዕል ሥር ፀሐይ እየጠበሰን ስንቱን መፈክር እንዳሰማን የማውቅ ነኝ። ከዚያ ግድግዳ ሸሽቼ ለንደን ገብቼ፣ አሁን በርካሽ ቲኬት ተመልሼ እፊቱ ልቁም? እታፈራሁ ካሜራዋን አውጥታ "ከገበሬው አጠገብ ቁም" አለችኝ። ፎቶው አለ። ከገበሬው ይልቅ የተበደልኩት እኔ እመስላለሁ።

ገበያው ደግሞ ባሰ። ከእንጨት ክንፍ ያለው ውሻ ይቀርጻሉ፤ ከዚያ በነጠብጣብ ቀለም ይረጩታል፣ ኩፍኝ የያዘው እስኪመስል። ከሸክላ ሰይጣን ይሠሩና አውቶቡስ ያሳፍሩታል፤ ሹፌሩም ሰይጣን፣ ተሳፋሪውም ሰይጣን። ይህን እንኳ አልተቃወምኩም። ለንደን ውስጥ ጠዋት በሥራ ሰዓት ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው እውነት መሆኑን ያውቃል። ከስኳር የሰው ራስ ቅል ይሠራሉ፣ ግንባሩ ላይም የገዢውን ስም ይጽፉበታል። አንዷ ሻጭ ፈገግ ብላ "ስምህ ማን ነው?" አለችኝ። እኔ ባደግኩበት ዘመን ስምህን ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ለደግ አልነበረም፤ በስኳርም ይጻፍ በቀለም ያው ነው። ጥያት ሄድኩ።

እታፈራሁ ግን አልተከተለችኝም። ዞር ብል አንዲት ድንኳን ሥር ቁጢጥ ብላ ሙሽሮች ታቅፋለች። ሙሽሮች ስል ሥጋ ያላቸው እንዳይመስላችሁ። ከራስ እስከ እግር አጥንት ናቸው። ከሸክላ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ክንድ የሚያህል፤ ሴቷ ቬሎ ለብሳ፣ ወንዱ ጥቁር ኮት ለብሶ ደረቱ ላይ ቀይ አበባ ሰክቶ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ጥርሳቸውን አግጥጠው ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው እንጃ። ከንፈር ስለሌላቸው ይሆናል።

ሻጯ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳች። በነሱ አገር በዓመት አንድ ቀን ሙቶቻቸው ወደየቤታቸው ይመጣሉ። የሚወዱት ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ መጠጥ ይቀዳላቸዋል፣ ዘፈን ይዘፈንላቸዋል። እታፈራሁ እንባዋ መጣ። "ተዝካር እኮ ነው" አለችኝ። ተዝካር አይደለም አልኳት። በኛ ተዝካር የሚበላው ቄሱና ጎረቤቱ ነው፤ ሟቹን ና ብሎ የጠራው የለም፣ ቢመጣም መቀመጫ አያገኝም። ይህን ሁሉ ስናገር እሷ ከፍላ ጨርሳለች።

ለወዳጅ ዘመድ የገዛችውንማ ተዉት። እኛ ሐበሾች መንገድ ሄደን ባዶ እጃችንን ከተመለስን የሄድን አይመስለንም፣ የቀረውም ሰው አይምረንም። ለንደን ተቀምጦ እንኳ "ከውጭ ምን አመጣችሁልኝ" የሚል ሕዝብ ነው። ለዕድሩ በሚጥሚጣ የተለወሰ ከረሜላ ገዛች። የዕድሩ ዳኛ አንዱን ጎርሰው ስብሰባውን ሳይዘጉ ወደ ቤታቸው እንደሄዱ ሰምቻለሁ።

ሂትሮው ስንደርስ የጉምሩኩ ሰው ካልጠፋ ሻንጣ የኛን አስከፈተ። እታፈራሁ ሙሽሮቹ እንዳይሰበሩ በኔ ሙታንታ ጠቅልላቸው ኖሯል። ሰውየው ሙታንታዬን አንድ በአንድ ገልጦ አጽሙ ጋ ሲደርስ አጽሙን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና አጽሙን አየ። ከዚያ ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ስቀው ሲጨርሱ ሂዱ አሉን። ለዚህ ነው ግብር የምከፍለው።

አሁን እህቴን ላስተዋውቃችሁ። ሶስና ትባላለች፣ ታናሼ ናት። ነርስነት ተምራ ሆስፒታል ትሠራለች፤ የምትኖረው ከኛ ጋር ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ አባቷም ወንድሟም እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ዳዊት የሚባል ጎረምሳ ወደደች። ዳዊት ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ የሚነዳ፣ ሲያወሩት አንገቱን የሚደፋ ጨዋ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ያሳደጉት አክስቱ እትዬ አስካለ ናቸው። ሃክኒ የሚባል የለንደን ሰፈር ነው ቤታቸው፤ ከቅዳሴ ቀርተው አያውቁም፣ ከሰው ጋርም ብዙ አያወሩም። ዳዊት ያለ እሳቸው ፈቃድ ውኃ አይጠጣም። ሶስና ደግሞ ከዳዊት ሌላ አላገባም ብላለች። ይህን ስትነግረኝ እያለቀሰች ቢሆን ይበርድላታል እል ነበር፤ ረጋ ብላ ሰሃን እያጠበች ስለነገረችኝ ግን አመንኳት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሊላክብን ተቆረጠ። ቅዳሜ ቤቱን ስናሰናዳ ዓይኔ ሙሽሮቹ ላይ አረፈ። እታፈራሁ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ነው ያቆመቻቸው። ከጎናቸው ደግሞ የሶስና የምረቃ ፎቶ አለ። ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው የልጅቷን ፎቶ ቬሎ ከለበሰ አጽም ጋር ጎን ለጎን ሲያይ ምን ይላል? አልጋ ሥር ይግቡ አልኩ። እታፈራሁ "እንግዳ መጣ ብዬ የቤቴን ዕቃ አልደብቅም" አለች። እንደዚያ ከሆነ እኔ አልጋ ሥር እገባለሁ አልኳት። ግባ አለችኝ። ሶስና መሀላችን ገብታ ገላገለችን፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሙሽሮቹ እዚያው ይቁሙ፣ ነገር ግን ትልቁ ዳንቴል ይልበስባቸው ተባለ። የዳንቴሉ ሐሳብ የኔ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ዳንቴል ያላለበሰ ሐበሻ ስለሌለ ማንም አይጠረጥርም ብዬ በራሴ ብልጠት ተደስቼ ተኛሁ።

ለንደን ውስጥ ሽማግሌ እንደ ጌሾ ነው፤ ሲፈለግ አይገኝም። የዳዊት ወገን በስንት ልፋት ያገኙት ዋና ሽማግሌ ጋሽ ይልማ ናቸው፤ እሳቸው እውነተኛ ሽማግሌ ናቸው፣ ሽበታቸውም ንግግራቸውም የተሟላ። ሁለተኛው ጥላሁን ነው። ጥላሁን እኩያዬ ነው፤ ለሽምግልና ያበቃው መላጣው ብቻ ነው። ሦስተኛው ኦቨርታይም ተጠርቶ ሥራ ገባ። ጎደሎ ይዘን አንሄድም ሲባል እትዬ አስካለ ራሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ሴት ሽማግሌ ሆና ስትላክ ያን ዕለት አየሁ። ምን ይደረግ፣ አገሩ ለንደን ነው።

ያን ዕለት ደግሞ ሊፍቱ ተበላሽቷል። እኛ የምንኖረው ላይኛው ፎቅ ነው። ካውንስሉን፣ ማዘጋጃ ቤቱን ማለቴ ነው፣ ሊፍቱን ቼክ አድርጉልን ብለን ስንት ጊዜ ደወልን መሰላችሁ። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው በሩ ላይ ሲቆሙ የጋሽ ይልማ ትንፋሽ ያፏጫል፣ የጥላሁን መላጣ በላብ ያበራል፣ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ይዘዋል። ተቀመጡ አልኩ። አንቀመጥም አሉ።

ባህላችን እንዲህ ነው። ልጅ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩን ተናግሮ እሺታ ሳያገኝ ወንበር አይነካም። የልጅቷ ወገን ደግሞ ቶሎ እሺ አይልም፤ ቶሎ እሺ ካለ ልጅቷ ቤት የጣበባት ይመስላል። ስለዚህ ማንገራገር አለብኝ። ማንገራገር ደግሞ፣ ራሴን ላመስግንና፣ ያምርብኛል። ጋሽ ይልማ ባማረ አማርኛ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ነገሩ ከባድ ነው አልኩ። የልጁ ወገን ከየት ነው ብዬ የማውቀውን ጠየቅሁ። መለሱልኝ። በእናቱስ? መለሱልኝ። ከዚያ አባታችን ምን ያለ ሰው እንደነበረ መተረክ ጀመርኩ። አባቴን ከጨረስኩ በኋላ አያቴ ትዝ አለኝ። ጋሽ ይልማ እግር ይቀያይራሉ። ጥላሁን ግድግዳ ተደግፏል። እታፈራሁ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ዓይኗን ታፈጥብኛለች። ከመኝታ ቤት የሶስና ሳል ይሰማል፤ ጉንፋን የላትም፣ ይብቃህ ማለቷ ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ሰው እንዲህ ቆሞ ሰምቶኝ ስለማያውቅ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ።

እትዬ አስካለ ጉልበታቸው ከዳቸው። እንዳይወድቁ እጃቸውን ሰደዱና ያገኙትን ያዙ፤ ያገኙት ቴሌቪዥኑን ነው። ዳንቴሉ እጃቸው ላይ ቀረ።

ሙሽሮቹ ከአፍንጫቸው ሥር ጥርሳቸውን አግጥጠው ቆመዋል። እትዬ አስካለ እሪ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ወንዱን አጽም ብዙ አዩት። ጣታቸውን ዘርግተው ጥቁር ኮቱን ሊነኩ ምንም ሲቀራቸው መልሰው ሰበሰቡ። ከዚያ ዳንቴሉን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡና ወጡ። ጋሽ ይልማ ተከተሏቸው። ጥላሁን ብቻ ወደ ወጥ ቤት፣ ወጡ ወዳለበት፣ አንዴ አየት አድርጎ እያዘነ ሄደ።

ማታውን ዳዊት ደወለ። አክስቴ ሰርግ የለም ብላለች አለ። ለምን ብላት አትናገርም፣ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች፣ እህልም አልቀመሰች አለ። ድምፁ ሰው የሞተበት ይመስላል። ሶስና ስልኩን ሰምታ መጣችና እፊቴ ቆመች።

"ጋሼ፣ አንዲት እሺ ነበረች የምትጠበቅብህ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ጨው ስትፈልግ እንኳ "ጨው አቀብለኝ በይልኝ" ትላታለች እታፈራሁን። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

ወሬ ደግሞ አደረ እንጂ አልተኛም። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስገባ ሰው ገለል ይልልኛል። እገሌ ከሜክሲኮ መተት አስመጥቷል ተብሏል። አንዱ እህቱን ላለመዳር ነው ይላል፣ ሌላው የለም ልጁን ለማፍዘዝ ነው ይላል። ያልሰማሁት የለም። ደሜ ፈላ። እኔ የገዛ ሚስቴን ማፍዘዝ ያልቻልኩ ሰው ነኝ እኮ! አንዲት የታወቁ ሴትዮ ጠበል በኮካ ጠርሙስ ሞልተው ሳንጠራቸው ቤታችን መጡ። ሙሽሮቹን ሊረጩ ቴሌቪዥኑን አጠመቁት። ጠበሉ በጀርባው ገብቶ ጠሽ ሲል ጭስ ወጣ፣ ቴሌቪዥኑም በዚያው አረፈ። ሴትዮዋ "አያችሁ፣ ለቀቀ" ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

እንግዲህ ነገሩን ራሴ ላቃናው አልኩ። እታፈራሁ ከዚያው ከሜክሲኮ ገበያ የገዛችው የእመቤታችን ሥዕል ነበር። እነዚያም ሰዎች ማርያምን ይወዳሉ፤ ሥዕሏ የሌለበት ሱቅ አላየሁም። ይህንን ብወስድላቸው መተተኛ አለመሆኔን ያውቃሉ ብዬ ሃክኒ ሄድኩ። እትዬ አስካለ በሩን ገርበብ አድርገው ሥዕሉን ተቀበሉኝ። ብዙ አዩት። እውነትም ሳየው ማርያም ብቻዋን ናት። በኛ ሥዕል ልጇን ሳታቅፍ አትታይም። ጭራሽ የቆመችው ጨረቃ ላይ ነው። እኔ ነገሩን ላሳምር ብዬ ከጀርባው ያለውን ማብሪያ ስነካው ዙሪያውን ቀይና አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

"ልጇን የት ጥላው ነው?" አሉኝ።

ሥዕሉን መለሱልኝና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። መብራቱ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ድረስ አልጠፋ ብሎኝ ብብቴ ውስጥ ብልጭ ድርግም እያለ ሄድኩ።

አሁን በቃኝ። አንጀቴ አርሯል። ቤት ስገባ ሶስና ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያቺ በሥራዋ ስንት ሰው ሲሞት እያየች የማታለቅስ ልጅ! ሙሽሮቹን አንስቼ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ከመሣቢያ መዶሻ አወጣሁ። እትዬ አስካለ መተት ነው ካሉ እፊታቸው አድቅቄው አየዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሰበብ የላቸውም። እታፈራሁ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ትከለክለኛለች ብዬ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሶስናን አየችና አሳለፈችኝ። ምስክር ይሁኑኝ ብዬ ጋሽ ይልማን ከቤታቸው አስነሳኋቸው።

በዚያ ጊዜ ለንደን ውስጥ ባለቤት የሌለው ቦርሳ ሁሉ ቦምብ ነው። ስለዚህ አውቶቡሱ ውስጥ ፌስታሉን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። የሙሽሪት ራስ ወጣ ብሎ አጠገቤ ያሉትን አሮጊት ያያል። አሮጊቷ መጀመሪያ አጽሙን፣ ቀጥሎ የመዶሻውን እጀታ አዩና ፌርማታቸው ሳይደርስ ወረዱ። ጋሽ ይልማ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ከኔ ጋር የመጡ አይመስሉም።

እትዬ አስካለ ከፈቱልን። ቤታቸው ጠባብ ነው፣ ንጹሕ ነው። ሰላምታም በወጉ አልሰጠሁም። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁ፣ ሙሽሮቹን አቆምኩ፣ መዶሻዬን ያዝኩ።

"እትዬ አስካለ፣ ይኸው። እዚሁ እፊትዎ አደቀዋለሁ። ከዚህ በኋላ በእህቴ ላይ ምክንያት እንዳልሰማ" አልኳቸው።

መዶሻውን ካነሳሁበት አልወረደም። እትዬ አስካለ እጄን ይዘውታል። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

"ተው፣ አጥንቱን አትስበር" አሉ።

ወለሉ ላይ አጽሙ አጠገብ ተቀመጡ። እጄን እንደያዙ ስለሆነ እኔም ተጎትቼ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተናገሩ፤ ረጋ ብለው፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ። ባላቸው አስተማሪ ነበሩ። በዚያ በቀይ ሽብር ጊዜ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ብለው ከቤት ወሰዷቸው። ብርድ ስለነበር እትዬ አስካለ የሰርጋቸውን ጥቁር ኮት ደረቡላቸው፤ በእጃቸው ቁልፉን ቆልፈውላቸዋል። በዚያው ቀሩ። እስር ቤት ስንቅ ሲያመላልሱ "እዚህ የለም" ተባሉ፤ የት እንዳለ ግን የነገራቸው የለም። መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው ጉድጓድ እየተቆፈረ አጥንት ወጣ። ሰው በሹራቡ፣ በጫማው ወገኑን እየለየ ቀበረ። የባላቸው እህት አዲስ አበባ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፈረ በተባለበት ሁሉ ሄዳለች። ኮቱ አልተገኘም።

"አንድ ቀን አጥንቱን ባሳዩኝ እያልኩ ስለት ስሳል ነው የኖርኩት" አሉ። "አንተ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኮቱን እንደለበሰ።"

መዶሻውን የት ላድርገው? ከጀርባዬ ደበቅሁት። ስንት ቀን ሙሉ በሚስቴ፣ በሊፍቱ፣ በወሬኛው፣ በኚህ ሴትዮ ስናደድ ከርሜ፣ አሁን በእውነት ልናደድበት የሚገባኝን ሰው፣ ባላቸውን የወሰደባቸውን፣ አገኘሁ፤ እሱ ደግሞ መዶሻዬ የማይደርስበት ቦታ ነው። እንዲያ ተናድጄ አላውቅም።

ጋሽ ይልማ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ታዲያ የልጆቹ ነገር እንዴት ይሁን?" ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ።

እትዬ አስካለ ሶስናን እንደሚወዷት ተናገሩ። ዳዊትም ከሷ ሌላ አያገባም፣ ሰርጉም ይሆናል አሉ። የለም ያሉት የባላቸውን ልቅሶ ሳይቀመጡ ለሰርግ እልል ማለት አልሆን ስላላቸው ነው። ልቅሶ እንዳይቀመጡ ደግሞ መርዶ አልተነገራቸውም። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ሞቷል አላላቸውም። መንግሥት አላለም፣ ዘመድ ደፍሮ አላለም፣ እሳቸውም ሳይነገራቸው ባላቸውን አልገድልም ብለው ኖረዋል።

"መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው" አሉ። ጋሽ ይልማን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። "ኃይሉ ነው ስሙ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ።"

ጋሽ ይልማ ይናገሩታል ብዬ ጠበቅሁ። አገር ያወቃቸው ንግግር አዋቂ ናቸው፣ ለዚህም ለዚያም ቃል አያጡም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣቸውም። ስለዚህ እኔው ነገርኳቸው።

"እትዬ አስካለ፣ ጋሽ ኃይሉ ሞተዋል። እግዜር ያጥናዎት።"

"አሜን" አሉ። ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ከዚያ አለቀሱ።